ተቀባይ የሌለው ዜማ፦ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደና የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር

የሙዚቃ ሰው ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዘፋኙ ነው። ከዘፋኙ ቀጥሎ ግጥም ጻፊው፣ ዜማ ደራሲው፣ ክራር መቺው ይነሳል። ቁጭ ብሎ ዜማን የሚያጠናውን ሰው ግን የሚያስታውሰው ብዙ የለም። እኔም በዚህች አጭር ጽሁፍ ከእነዚህ ካልተነሱት ሰዎች አንዱን ላስተዋውቃችሁ ተነስቻለሁ። ሰውየው ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ የጥቁር አሜሪካውያንን መዝሙርም አጥንተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ማየት ደግሞ እኛ የስነቃል ተማሪዎች በየዓመቱ ለምንሰራው የመስክ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ።

ለመሆኑ ሰውየው ማን ናቸው?

አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። አገራቸው ተመልሰውም ዛሬ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብለን የምንጠራውን ተቋም ካቋቋሙት ዋነኛው ሆኑ፤ ከ1963 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው መሩት። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃንጋሪ ሄደው የአገሩን የመንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ የራሳቸውን ድርሰት ሲያስቀርጹ፣ ጋዜጦቹ «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ስም አወጡላቸው። ዞልታን ኮዳይ ማለት ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር በሃንጋሪ ገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በፎኖግራፍ እየቀረጸ የሰበሰበ የሙዚቃ ሊቅ ነው። ስሙ የተሰጣቸው እንዲያው ለሙገሳ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አቶ አሸናፊ እንደገና ተማሪ ሆኑ። አሜሪካ በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ኢትኖሙዚኮሎጂ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። ኢትኖሙዚኮሎጂ ሙዚቃን ከሚዘፍነው ህዝብ ኑሮ፣ እምነትና ባህል ጋር አያይዞ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ዘፈኑን ከዘፋኙ ነጥሎ አያይም። ክራርን የተመለከተው እ.ኤ.አ. የ1977 ጥናታቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ለምን የሰይጣን መሣሪያ ተባለ የሚለው ጉዳይ ርእሱ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። እንጨቱና ጅማቱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ሰው ለመሣሪያው የሰጠው ስፍራ ግን ብዙ ይነግረናል።

ፕሮፌሰሩ ኋላ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን በዳይሬክተርነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጥቁር ሙዚቃ ሥሮች» እንደማለት ነው፤ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካን የድምጽ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ አንድ ላይ ይዞ ያያል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችንና የቤተ እስራኤልን ቅዱስ ዜማ የሚያይ ጥናት አሳትመው ነበር። ልብ በሉ! ጥናቱ የወጣው የጥቁሮችን ሙዚቃ በሚያጠና የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነው። የያሬድን ዜማ የባሮች መዝሙር በሚጠናበት ገጽ ላይ አስቀመጡት ማለት ነው። ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1998 በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ስፒሪችዋል ምንድን ነው?

ስፒሪችዋል የሚባለው በባርነት ዘመን የአሜሪካ ጥቁሮች የፈጠሩት መንፈሳዊ መዝሙር ነው። ደራሲው ይሄ ነው ተብሎ አይታወቅም። በእርሻ ላይ፣ በሌሊት ጸሎት፣ በቀብር ጊዜ ይዘመር ነበር። ብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በህግ ስለከለከሉ መዝሙሩ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ክብ ሠርተው እያጨበጨቡና መሬቱን በእግራቸው እየመቱ የሚዞሩበት ሥርዓትም ነበር።

የነጮቹም የገጠር መዝሙር ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። መጽሐፍ በየሰው እጅ ባልነበረበት ጊዜ አንድ ሰው ስንኙን ጮክ ብሎ ይሰጣል፣ ጉባኤው በዜማ ይቀበለዋል። ኋላ ደግሞ ኖታ ለማያውቅ ገበሬ እንዲመች ተብሎ የኖታው ራስ በቅርጽ ተለየ፦ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ አራት ማዕዘንና አልማዝ። በዚህ ዘዴ ከታተሙት መጻሕፍት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው «ሴክረድ ሃርፕ» ነው፤ ትርጉሙ «ቅዱስ በገና» ይሆናል። ዘማሪዎቹ በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ተቀምጠው መጀመሪያ የኖታዎቹን ስም በዜማ ይወጡታል፣ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከ ዛሬም እንዲሁ ይዘመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። የእኛ ማኅሌትና የእነሱ መዝሙር በአንዳንድ ነገር ስለሚመሳሰሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ወጣ ማለት አይቻልም። ለባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙት ሰዎች በብዛት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሄዱ ናቸው። ኢትዮጵያ ለእነሱ የተስፋ ስም ነበረች፤ መዝሙረ ዳዊት 68፡31 ላይ ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተጻፈውን ቃል በየቤተክርስቲያናቸው ይሰብኩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሠረተው የጥቁሮች ቤተክርስቲያንም «አቢሲኒያን» የሚል ስም ነው ያወጣው። ስሙ ተጋብቷል፤ ዜማው ግን የየራሱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር የሚጠቅመው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደዚያው ልሂድ።

ወረቀት የማይዘው

የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ አለን፣ ዌር እና ጋሪሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች የባሮችን መዝሙር ሰብስበው ከነኖታው አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ 136 ዜማ አለ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ ስብስብ ነው። የሚገርመው ግን መቅድሙ ነው። ሰብሳቢዎቹ ከሸጡት ዕቃ ላይ ጉድለቱን እንደሚናገር ነጋዴ፣ ኖታው የሰዎቹን ድምጽ ሊይዝ እንዳልቻለ በግልጽ ጽፈዋል። መሪው ስንኙን ሲያወጣ ሌሎቹ ከሥሩ ገብተው ይሸከሙታል፤ አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ደስ ባለው ቦታ ይተወውና ተመልሶ ይይዘዋል። ሁለት ተቀባዮች እኩል አንድ ነገር አይሉም፣ ግን ደግሞ አይጋጩም። ይሄን በአምስት መስመር ላይ እንዴት አድርጎ ይጻፋል?

ከዚያ ደግሞ የፊስክ ተማሪዎች መጡ። ፊስክ ነፃ ለወጡ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1866 ናሽቪል ከተማ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1871 መምህራቸው ጆርጅ ዋይት ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዞ እየዘመሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጉዞ ጀመረ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ የወላጆቻቸውን የባርነት ዘመን መዝሙር በሰው ፊት ለመዘመር አልወደዱም ነበር። መዝሙሩ ለእነሱ የቤት ምስጢር ነው፤ ከባርነት ጋር የተያያዘ ሐፍረትም አለበት። ሲዘምሩት ግን አሜሪካ ብቻ ሳይሆን አውሮፓም አዳመጣቸው፤ ያሰባሰቡትም ገንዘብ ትምህርት ቤቱን ከመዘጋት አዳነው፣ እስካሁን የቆመውን ጁቢሊ አዳራሽንም አሠራ። በዚሁ ትምህርት ቤት የተማረው ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ በየምዕራፉ መግቢያ የእነዚህን መዝሙሮች ኖታ ያለ ቃላቸው አስቀምጧል። ዜማውን ለሚያውቅ አንባቢ ቃሉ ራሱ ይመጣለታል፤ ለማያውቀው ግን ዝም ያለ ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ነገር ትዝ የሚለኝ።

የእኛ ምልክት

የቤተክርስቲያን ታሪክ እንደሚያስረዳው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት ዜማዎች ደረሰ። የዜማው ምልክት በሥርዓት የተሰናዳው ግን ከያሬድ ብዙ ዘግይቶ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይተረካል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እያልን የምንቆጥራቸው እነዚህን ነው። ከእነሱ ሌላ ከፊደሉ ራስ በላይ በደቃቅ የሚጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ።

እነዚህ የፊደል ምልክቶች እንዴት እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ? ድምጹ ይህን ያህል ይውጣ፣ ይህን ያህል ይውረድ አይሉም። ምልክቱ ከሌላ ቦታ የሚታወቅ ቃል አኅጽሮት ነው። «እዚያ ያንን ቃል እንዳልከው አድርገህ በለው» ነው የሚለው። እንግዲህ ያንን ቃል ከመምህር አፍ ሰምቶ ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያየው ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ ነው የድጓ ተማሪ መጽሐፉ እያለ ዓመታት ሙሉ መምህር ፊት የሚቀመጠው። ጎጃም ስሙ በቅኔው ነው የሚነሳ፤ በእኛ አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ደራሲ የተማረበት ነው። ድጓ የሚፈልግ ግን ዓባይን ተሻግሮ ጋይንት ቤተልሔም፣ አቋቋም የሚፈልግ ጎንደር በኣታ ይወርዳል። መጽሐፍ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቁራሽ ልመና ለምን አስፈለገ?

እነ አለን እ.ኤ.አ. በ1867 በመቅድማቸው የተናገሩትን የእኛ ሊቃውንት ከእነሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድመው በሥራ አሳይተውታል። ጽሑፍ የሰማ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ለሰማ ሰው ይናገራል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የመስክ ጥናት አድርገው ነበር። ኋላ ከፒተር ጄፈሪ ጋር የኢትዮጵያን የቤተክርስቲያን ዜማ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ ድምጹንም ከመጽሐፉ ጋር ያወጡት ለዚህ ይመስለኛል። ነገሩ ደስ ይላል፦ የእኛው ሰው የእነሱን መዝሙር ሊያጠና ሄደ፣ የእነሱዋ ሰው የእኛን ዜማ ልታጠና መጣች፤ ሁለቱም የደረሱት ወደ ዘማሪው አፍ ነው።

ግንደወይን ላይ የገጠመኝ

እኔ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነኝ፤ አገሬ በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለችው ግንደወይን፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእኛ አገር በአማርኛ የሚዘመረው መንፈሳዊ ዜማ ከግዕዙ ማኅሌት ውጪ ሌላ ሙሉ ዓለም ነው። ሴቶች በማርያም ማኅበር ላይ የሚሉት አለ፤ ታቦት ሲወጣ የሚባለው አለ፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ ሲነቅሉ የሚያዜሙት አለ። የአሜሪካኑን የህዝብ መዝሙር በእኛ ዘንድ ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የምሄደው ወደዚህ ነው።

ለአንድ የኮርስ ሥራ የማኅበር ዜማ ልሰበስብ ወደ አንዲት የጎረቤት ባልቴት ዘንድ ሄድኩ። መቅረጫውን ከፈትኩና «እማማ፣ ዜማው ይቆይና ቃሉን ብቻ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሁለት ስንኝ አሉና ዝም አሉ። ትንሽ አሰቡ፣ ተመልሰው ያንኑ ሁለት ስንኝ አሉ።

«አልመጣ አለኝ» አሉኝ።

«ረሱት እንዴ እማማ?»

«ምን እረሳዋለሁ ልጄ! ሳይቀበሉኝ ነው'ንጂ። ቃሉ'ኮ ተቀባይ ሲኖር ነው ተከትሎ የሚመጣ።»

ወዲያው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ሴቶቹ ማጨብጨብና መቀበል ሲጀምሩ ባልቴቷ ያለማቋረጥ ከሃያ ስንኝ በላይ አወረዱት። መሀል ላይ አንደኛዋ ተቀባይ ለባልቴቷ የሞተ ልጅ የሚሆን ስንኝ ጣል ስታደርግ፣ እሳቸው ያንን ይዘው ልመናውን ወደ ሌላ አዞሩት። ያ ስንኝ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ምናልባት ከዚያ በኋላም አይኖርም። ሴትየዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን በክፍል ውስጥ «ክዋኔ» በሚል ርእስ ለብዙ ሳምንት ተምረነዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በየመደርደሪያው ያሉትን የስነቃል መመረቂያ ጽሁፎች ሳገላብጥ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ተራ ቁጥር የተሰጠው ግጥም ነው። ዜማው የለም፣ ተቀባዩ የለም፣ ጭብጨባው የለም። ከሥሩ «ይህ ቃል ግጥም የእምነትን አስፈላጊነት ያሳያል» የሚል አንድ መስመር አለ። ድካሙን አላናንቅም፤ እነዚያ ጽሁፎች ባይኖሩ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። ግን የዱ ቦይስ ኖታ ያለ ቃል ለማያውቀው ዝም እንደሚል፣ የእኛም ቃል ያለ ዜማ ለማያውቀው ዝም ይላል። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። ባልቴቷ ሲያርፉ ግጥሙ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ግን ማን አውጥቶ ማን ይቀበለዋል?

ከፕሮፌሰር አሸናፊና ከእነዚያ ሰብሳቢዎች ሥራ ተነስቼ ለመስክ ሥራችን የሚረዱ ጥቂት ነገሮች ልጠቁም፦

አንደኛ፣ መረጃ አቀባይን ነጥለን ማስቀመጡን እንተው። አውጪ ካለ ተቀባይም ይጠራ፣ የተቀባዩም ስምና ድርሻ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ቀረጻው ከጽሁፉ ጋር ይቀመጥ። ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ መቅረጫ ያለው ስልክ አለ፤ እነ ኮዳይ ፎኖግራፍ ተሸክመው ነው የዞሩት። ሦስተኛ፣ ኖታ የምናውቅ ጥቂት ብንሆንም የት ላይ እንደተጨበጨበ፣ የት ላይ ድምጽ እንደተሳበ፣ ተቀባዩ የትኛውን ቃል እንደደገመ በራሳችን ምልክት ማመልከት አያቅተንም። እነ አዛዥ ጌራም ለሚያውቁት ሰው እንዲገባ አድርገው ነው የጀመሩት። አራተኛ፣ ጽሁፋችን ያልያዘውን በመቅድሙ ላይ እንናገር። ያ የ1867 መጽሐፍ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰው በያዘው ዜማ ብቻ ሳይሆን አልያዝኩም ባለውም ጭምር ነው። አምስተኛ፣ ከተቻለ ራሳችን እንቀበል። ዜማውን ያልተቀበለ ተማሪ የት ላይ እንደሚከብድና የት ላይ እንደሚቀል ከየት ያውቀዋል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «የማኅበር ዜማ ምን ጥናት ይወጣዋል? የአሮጊቶች ነገር ነው» ይሉኛል። የፊስክ ተማሪዎችም የወላጆቻቸውን መዝሙር መጀመሪያ ያዩት በዚሁ ዓይን ነበር። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነጥበብ ተቋም ለባህል ጥበብ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰጠው ከፍተኛ ክብር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 ቀደም ብዬ ያነሳሁትን በቅርጽ የተለየ ኖታ የሚዘምሩ ሁለት የገጠር ሰዎች፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር፣ ይህን ክብር አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ክብሩ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የቤተክርስቲያን ዜማ ሊቅ ተሰጠ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚኖሩት ለሊቀ መዘምራን ሞገስ ስዩም። ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ መጽሔት ላይ ያገናኟቸው ሁለት ዜማዎች በአንድ የክብር መዝገብ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

እነሱ ዘንድ እንዲህ የተከበረው እኛ ዘንድ በየማኅበሩ፣ በየደጀ ሰላሙ፣ በየእንግጫው ሜዳ አለ። ለመስክ ሥራ በየአገራችሁ ስትበተኑ መቅረጫችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «እማማ፣ ማን ነው የሚቀበልዎት?»